ፕሮግራሙ ሄደ፣ አፕዴተሩ ቀረ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ስድስት ጥያቄዎች መርጠናል። ሁሉም የሚያጠነጥኑት በአፕዴተር፣ ማለትም ሌላ ፕሮግራምን በየጊዜው በሚያዘምን ረዳት ፕሮግራም ላይ ነው፤ ባለቤቱ የሆነው ፕሮግራም ከተባረረ በኋላም ከጀርባ ሆኖ መሥራቱን አያቆምም። የፕሮግራሞቹንና የትእዛዞቹን ስም በፊደላችን ጽፈናል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚያገኟቸውም የሚጽፏቸውም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። መልሶቹ ለዊንዶውስ 10 እና 11 ናቸው፤ ማክ ላላችሁም አንድ አለ።


ጥያቄ፦ ክሮምን ካጠፋሁ ሁለት ቀን ሆነኝ። ታስክ ማናጀርን ስከፍት ግን ጎግል አፕዴተር የሚባል ነገር አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ፎልደሩን ዲሌት ላድርግ ስል «ፋይሉ በሌላ ፕሮግራም ተከፍቷል» እያለ ይከለክለኛል። ከሥሩ እንዴት ላውጣው? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ፎልደሩን ለጊዜው ይተዉት፤ የሚጠፋው መጨረሻ ላይ ነው።

አፕዴተሩ የክሮም አካል አይደለም። ጎግል ለዊንዶውስ የሚያወጣቸውን ፕሮግራሞች በጋራ የሚያገለግል፣ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው። ጎግል ድራይቭ ወይም ጎግል ኧርዝ ፕሮ ተጭኖ ከሆነ ክሮም ቢጠፋም አይወጣም፤ መውጣትም የለበትም። ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ከዚያ ኢንስቶልድ አፕስ ገብተው በመጀመሪያ ይህን ያረጋግጡ፤ ዊንዶውስ 10 ላይ የገጹ ስም አፕስ ኤንድ ፊቸርስ ነው። ሌላ የጎግል ፕሮግራም ከሌለ አፕዴተሩ በራሱ ይወጣል፤ ግን ወዲያው አይደለም። በየጥቂት ሰዓቱ ይነቃና የሚያዘምነው ነገር መኖሩን ያያል፤ ካጣ ራሱን ያጠፋል። ላፕቶፑን ለግማሽ ሰዓት ከፍተው የሚዘጉ ከሆነ ይህ ተራ ላይደርሰው ይችላል። ግማሽ ቀን ያህል ሳይዘጉት ይተዉትና ይዩ።

ካልወጣ በእጅ ነው። አፕዴተር ሦስት ነገር አለው፤ ሰዓት ጠብቆ የሚቀሰቅሰው ታስክ፣ ከዊንዶውስ ጋር የሚነሣ ሰርቪስ፣ እና ፋይሉ ራሱ። ታስኩ ፕሮግራሙን ያስነሣል፣ የተነሣው ፕሮግራም ፋይሉን ይይዛል፣ የተያዘ ፋይል ደግሞ አይጠፋም። እርስዎ የጀመሩት ከሦስተኛው ስለሆነ ነው የተከለከሉት።

ከታስኩ ይጀምሩ። ስታርት ላይ ታስክ ስኬጁለር ብለው ይፈልጉ፤ ሲመጣ በቀኝ ክሊክ «ረን አዝ አድሚኒስትሬተር» ይበሉት። በግራ በኩል ታስክ ስኬጁለር ላይብረሪን ሲነኩ ዝርዝሩ ይመጣል። በቆየ ኮምፒውተር ላይ የሚፈለጉት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም «ጎግል አፕዴት ታስክ ማሽን» ብለው ይጀምሩና አንዱ በ«ኮር»፣ ሌላው በ«ዩኤ» ያልቃል። አዲሱ አፕዴተር ግን ላይብረሪው ሥር «ጎግል ሲስተም» በሚል ፎልደር ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ስሙ «ጎግል አፕዴተር ታስክ ሲስተም» ብሎ ይጀምርና ረጅም ቁጥር ይከተለዋል። ከማጥፋትዎ በፊት በቀኝ ክሊክ «ኤክስፖርት» ብለው ዴስክቶፕ ላይ ያስቀምጡት። ከተሳሳቱ በ«ኢምፖርት ታስክ» ይመልሱታል። ከዚያ ዲሌት።

ቀጥሎ ሰርቪሱ። ስታርት ላይ ሰርቪስስ ብለው ይክፈቱ። የድሮው ጎግል አፕዴት ሰርቪስ የሚባሉ ሁለት ሰርቪሶች አሉት፤ እውነተኛ ስማቸው «ጂአፕዴት» እና «ጂአፕዴትኤም» ነው። የአዲሱ ሰርቪሶች ጎግል አፕዴተር ሰርቪስና ጎግል አፕዴተር ኢንተርናል ሰርቪስ ናቸው፣ ከነስሪት ቁጥራቸው። አንዱን ሁለት ጊዜ ክሊክ ያድርጉ፤ «ሰርቪስ ኔም» በሚለው መስመር ላይ ያለውን ስም ኮፒ ያድርጉ፤ «ስቶፕ» ይጫኑ፤ «ስታርትአፕ ታይፕ» የሚለውን ወደ «ዲሴብልድ» ይለውጡ። ለአብዛኛው ሰው ይህ ይበቃል።

ጨርሶ መሰረዝ ከፈለጉ ኮማንድ ፕሮምፕት የተባለውን የትእዛዝ መስኮት እንደ አድሚኒስትሬተር ይክፈቱና «ኤስሲ»፣ ክፍተት፣ «ዲሌት»፣ ክፍተት፣ ከዚያ ኮፒ ያደረጉትን ስም ይጻፉ። ሰዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። አንደኛው መሰናክል ሌላው የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት፣ ፓወርሼል ነው። ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ፓወርሼል ውስጥ «ኤስሲ» ማለት «ፋይል ላይ ጻፍ» ማለት ስለሆነ ሰርቪሱን ጭራሽ አይነካውም፤ «ዲሌት» የሚባል ፋይል ይፈጥርና የሰርቪሱን ስም ይጽፍበታል። የስሕተት መልእክት ስለማይመጣ ሰው ተሳካልኝ ብሎ ይዘጋዋል። ሁለተኛው ቁጥሩ 1072 የሆነው ስሕተት ነው። ሰርቪሱ ለመሰረዝ ምልክት ተደርጎበታል፣ ነገር ግን የተከፈተ መስኮት ይዞታል ማለት ነው። የሰርቪስስን መስኮትና ታስክ ማናጀርን ይዝጉ፤ እምቢ ካለ ሪስታርት ያድርጉ።

አሁን ፎልደሩ ያለ ክርክር ይጠፋል። ቦታው ሲ ድራይቭ፣ ፕሮግራም ፋይልስ ኤክስ86፣ ጎግል ውስጥ «አፕዴት» ወይም «ጎግል አፕዴተር» የሚለው ነው። ክሮም የተጫነው ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ ከነበረ እዚያ አያገኙትም፤ በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ አፕዳታ፣ ሎካል፣ ጎግል ብለው ይሂዱ። አፕዳታ የተደበቀ ፎልደር ስለሆነ መጀመሪያ በፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው» ውስጥ «ሂድን አይተምስ» የሚለውን ያብሩ።

ክሮምን እየተጠቀመ አፕዴተሩን ብቻ በዚህ መንገድ የሚያወጣ አንባቢ እንዳይኖር አደራ። ብራውዘሩ ባለበት ስሪት ይቆማል፤ የደኅንነት ቀዳዳዎቹም ሳይደፈኑ ይቀራሉ።


ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ በተከፈተ ቁጥር «ዊንዶውስ ይህን ፋይል ሊያገኘው አልቻለም» የሚል ሣጥን ይመጣል። የጠቀሰው ፋይል ከወር በፊት ያጠፋሁት ፕሮግራም አፕዴተር ነው። አንድ ክሊነር ጭነህ አጽዳው ብለውኛል። ትክክል ነው? (አንባቢ፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ክሊነሩ ይቅርብዎት። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሬጅስትሪን፣ ማለትም የዊንዶውስን የቅንብር መዝገብ፣ በጅምላ ይቆርጣል፤ ጥቅሙ በአብዛኛው ከምንም አይቆጠርም፣ ሲሳሳት ግን የተሳሳተበትን ቦታ ማግኘት አድካሚ ነው። ደግሞም ራሱ አፕዴተር ይዞ ይመጣል። ሲክሊነር የተባለው ታዋቂ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2017 ስሪት 5.33 ውስጥ ሰርጎ ገቦች የደበቁት ጎጂ ኮድ ከአምራቹ ከራሱ ድረ ገጽ ለተጠቃሚዎች እንደተሠራጨ እናስታውሳለን።

የእርስዎ ችግር ከላይ የአዳማው አንባቢ ሊገባበት የነበረው ነው፤ ፋይሉ ቀድሞ ጠፍቶ ጠሪው ቀርቷል። አንዳንድ ጊዜ ይህን የሚያደርገው አንቲቫይረስ ነው፤ ፋይሉን ይወስድና ታስኩን ይረሳዋል። ጠሪው ከሦስት ቦታ በአንዱ ይገኛል፤ በሬጅስትሪው «ረን» ቁልፍ፣ በስታርትአፕ ፎልደር፣ ወይም በታስክ ስኬጁለር። በታስክ ስኬጁለር ከሆነ «ላስት ረን ሪዘልት» በሚለው ዓምድ ላይ በ80070002 የሚያልቅ ቁጥር ይታያል፤ ትርጉሙ ፋይሉ የለም ነው።

ሦስቱንም ባንድ መስኮት የሚያሳየው ኦቶረንስ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ በሲስኢንተርናልስ ገጹ በነፃ ይሰጠዋል፣ መጫንም አያስፈልገውም፤ ዚፑን ፈትተው በቀኝ ክሊክ እንደ አድሚኒስትሬተር ማስነሣት ነው። መጀመሪያ «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሃይድ ማይክሮሶፍት ኤንትሪስ» ላይ ምልክት ያድርጉ፤ አለበለዚያ በመቶዎች በሚቆጠሩ የዊንዶውስ መስመሮች ውስጥ ይሰጥማሉ። ቢጫ የተቀባ መስመር ማለት ፋይሉ የጠፋ ነው። ሮዝ ደግሞ የአምራቹ ፊርማ ያልተረጋገጠ ነው፤ ሮዝ ሁሉ ግን ቫይረስ አይደለም፣ ብዙ ትናንሽ ፕሮግራሞች ፊርማ የላቸውም።

ቢጫውን ሁሉ ጠራርገው አያጥፉ። በሣጥኑ ላይ ያነበቡትን ስም ይፈልጉ፣ ከፊቱ ያለውን ምልክት ብቻ ያንሡ፣ ሪስታርት ያድርጉ። ሣጥኑ ከቀረና ለሁለት ሦስት ቀን ምንም ካልጎደለዎት ተመልሰው መስመሩን ዲሌት ያድርጉት። ምልክት ማንሣት ይመለሳል፤ ዲሌት አይመለስም።


ጥያቄ፦ የጽሕፈትና የኢንተርኔት አገልግሎት እሰጣለሁ። ኮምፒውተሮቼ የቆዩ ናቸው፤ ፍላሽ ፕሌየር፣ ኩዊክታይም፣ አይቱንስ፣ ጃቫና ፋየርፎክስ ሲጫኑባቸውና ሲነሡላቸው ኖረዋል። ምን ምን ትተው ሄደው ይሆን? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አምስቱም የየራሳቸውን ይተዋሉ፤ የሁሉም ቅሪት ግን እኩል አይደለም። አደገኛው ፍላሽ ነው፣ አስቸጋሪው አፕል፣ የቀሩት ቀላል ናቸው።

ፍላሽ ፕሌየር እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ድጋፉ ያበቃ ሲሆን፣ ከጥር 12 ቀን 2021 ጀምሮ የፍላሽ ይዘት እንዳያጫውት አዶቢ ዘግቶታል። ዊንዶውስ ከራሱ ጋር ያመጣውን ፍላሽ የሚያወጣ ኬቢ 4577586 የሚባል አፕዴት አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ይህ አፕዴት ከአዶቢ ድረ ገጽ ወርዶ በእጅ የተጫነውን ፍላሽ አይነካም። ያንን ከፕሮግራሞቹ ዝርዝር ውስጥ ፈልገው ያንሡት። ቀጥሎ በታስክ ስኬጁለር «አዶቢ ፍላሽ ፕሌየር አፕዴተር» የሚል ታስክ፣ በሰርቪስስ ደግሞ «አዶቢ ፍላሽ ፕሌየር አፕዴት ሰርቪስ» ካለ በላይኛው ቅደም ተከተል ያጥፉ። ፎልደሮቹ ሁለት ቦታ ናቸው፤ ዊንዶውስ ውስጥ ሲስተም32 ሥር እና ሲስዋው64 ሥር፣ ሁለቱም ዘንድ «ማክሮሜድ» የሚል ስም ያለው። ለደንበኞችዎም ይንገሩ፤ ዛሬ «ፍላሽዎን ያዘምኑ» የሚል መስኮት የሚያሳይ ገጽ ሁሉ ሐሰተኛ ነው። የሚዘመን ፍላሽ የለም።

የአፕል ነገር ቅደም ተከተል ይፈልጋል። አይቱንስ ብቻውን አይመጣም፤ አፕል ሶፍትዌር አፕዴት፣ አፕል ሞባይል ዲቫይስ ሰፖርት፣ ቦንዡር እና አፕል አፕሊኬሽን ሰፖርት አብረውት ይጫናሉ፤ የመጨረሻው ባለ 32 እና ባለ 64 ቢት ሆኖ ሁለት ጊዜ ሊኖር ይችላል። አይቱንስን ሲያነሡ ሌሎቹ ባሉበት ይቀራሉ። እዚህ በተጻፉበት ተራ አንድ በአንድ ያንሧቸው። አፕል ሶፍትዌር አፕዴት ላይ «የዊንዶውስ ኢንስቶለር ፓኬጅ ችግር አለበት» የሚል መልእክት ከመጣ አይታገሉት፤ በኮንትሮል ፓነል ፕሮግራምስ ኤንድ ፊቸርስ ውስጥ ስሙን በቀኝ ክሊክ «ሪፔር» ይበሉት፣ ሲጨርስ እንደገና አንኢንስቶል ያድርጉ። የተበላሸው ማራገፊያው ራሱ ስለሆነ መጀመሪያ ይጠገናል፣ ከዚያ ይወጣል። ኩዊክታይም ለዊንዶውስ ከ2016 ጀምሮ የተተወ ነው፤ የትም ቢያገኙት ያውጡት። ለአታሚ ማጋሪያ ቦንዡርን የሚጠቀሙ ከሆነ ግን እሱን ያቆዩት።

ጃቫን አንሥተው በታስክ ማናጀር «ስታርትአፕ» ገጽ ላይ «ጃቫ አፕዴት ስኬጁለር» ካዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሌላ የቆየ የጃቫ ስሪት መኖሩ ነው። ሁሉንም ስሪቶች ያንሡ።

ፋየርፎክስ «ሞዚላ ሜንቴናንስ ሰርቪስ» የሚባል ለብቻው የተመዘገበ ፕሮግራም ይተዋል፤ ከዝርዝሩ አንኢንስቶል ማድረግ ብቻ ነው።


ጥያቄ፦ ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። የአምራቹን አፕዴተር ባጠፋሁት ቁጥር ይመለሳል። ፎርማት አድርጌ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫንኩ፤ ገና ኢንተርኔት ሳላገናኘው ተመልሶ አገኘሁት። ቫይረስ ይሆን? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ኢንተርኔት ሳይገናኝ መመለሱ ፍለጋውን አጥብቦልናል። የመጣው ከውጭ ሳይሆን ከላፕቶፑ ከራሱ ነው፤ ወይ ከዲስኩ፣ ወይ ከባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፕሮግራም)።

መጀመሪያ ዲስኩን እንመልከት። «ፎርማት አደረግኩ» ሲሉ «ሪሴት ዚስ ፒሲ» የሚለውን ተጠቅመው ከሆነ ገና አልጸዳም። አምራቹ ፕሮግራሞቹን ከዊንዶውስ የመመለሻ ፋይሎች ጋር ስለሚያስቀምጣቸው «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» ቢሉም ሊመለሱ ይችላሉ። ንጹሕ ጭነት ማለት ሌላ ኮምፒውተር ላይ በማይክሮሶፍት ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሆነ ፍላሽ ዲስክ አዘጋጅቶ፣ በእሱ አስነሥቶ፣ «ዊንዶውስ የት ይጫን» ሲል በዚያ ዲስክ ላይ ያሉትን ክፍልፋዮች ሁሉ ሰርዞ፣ ባዶው ቦታ ላይ መጫን ነው። ሰነድዎን አስቀድመው ያውጡ፤ ከዚህ በኋላ ምንም አይቀርም።

ይህን ካደረጉም ከተመለሰ ምንጩ ባዮሱ ነው። አስማት ይመስላል፤ አሠራሩ ግን የታወቀ ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ማይክሮሶፍት ለአምራቾች አንድ በር ከፍቷል፤ ባዮሱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ቢያስቀምጡ ዊንዶውስ ሲነሣ ከዚያ ያነባትና ሲስተም32 ፎልደር ውስጥ ጽፎ ያስኬዳታል። ዲስኩ ቢቀየር እንኳ ፕሮግራሟ ያለችው ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ ስለሆነ ምንም አይነካትም። የበሩ ዋና ዓላማ ለተሰረቀ ላፕቶፕ መከታተያ ነበር፤ አምራቾች ግን ለአፕዴተርም ተጠቀሙበት። በእርስዎ ላፕቶፕ መኖሩን ለማየት ሲስተም32 ውስጥ «ደብሊውፒቢቢን» የሚል ፋይል ይፈልጉ፤ ደብሊው፣ ፒ፣ ቢ፣ ቢ፣ አይ፣ ኤን ሆሄያት ናቸው። እሱ ካለ ጠሪው ባዮሱ ነው።

በዚህ የታወቁ ጉዳዮች አሉ። ሌኖቮ በአንዳንድ ኮምፒውተሮቹ ላይ ሌኖቮ ሰርቪስ ኢንጂን የሚባል ነገር አስገብቶ ነበር፤ የደኅንነት ቀዳዳ ከተገኘበት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 እሱን የሚያወጡ አዲስ ባዮሶችንና ማጥፊያ መሣሪያ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ደግሞ ኢክሊፕሲየም የተባለ የደኅንነት ኩባንያ የጊጋባይት ማዘርቦርዶች ባዮስ ፕሮግራም እየጻፈ፣ ያም ፕሮግራም ተጨማሪ ፋይል ከኢንተርኔት ያለ በቂ ማረጋገጫ እንደሚያወርድ ይፋ አደረገ። በአሱስ ቦርዶች ላይ አርሞሪ ክሬት የሚባለው በዚሁ መንገድ ይመጣል። «ከአምራቹ ስለሆነ ምን ያደርጋል» ለሚል ሰው፦ እ.ኤ.አ. በ2018 ሰርጎ ገቦች አሱስ ላይቭ አፕዴት በተባለው ማዘመኛ በኩል ጎጂ ኮድ ከኩባንያው ትክክለኛ ፊርማ ጋር አሠራጭተው ነበር፤ የደኅንነት ኩባንያው ካስፐርስኪ ይፋ ያደረገው በ2019 ነው።

መፍትሔው ባዮስ ውስጥ ነው። ላፕቶፑ ሲነሣ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ሌኖቮ ላይ ኤፍ1 ወይም ኤፍ2፣ አሱስ ላይ ኤፍ2 ይደጋግሙ። ስሙ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ በጊጋባይት «አፕ ሴንተር ዳውንሎድ ኤንድ ኢንስቶል»፣ በአሱስ «ቱል» በሚለው ገጽ «ዳውንሎድ ኤንድ ኢንስቶል አርሞሪ ክሬት» ይላል። ዲሴብልድ አድርገው፣ በኤፍ10 አስቀምጠው ይውጡ። ከዚያ ዊንዶውስ ውስጥ የቀረውን ታስክና ሰርቪስ በተለመደው ቅደም ተከተል ያጽዱ፤ አሁን አይመለስም።

ምርጫው ከሌለ ከአምራቹ ድረ ገጽ ለዚያው ሞዴል የወጣ አዲስ ባዮስ መኖሩን ይዩ። ባዮስ ሲጻፍ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ዳግም ላይነሣ ይችላል፤ ስለዚህ ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይሁን፣ ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አይሞክሩት። ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ በርቶ ከሆነም አስቀድመው «ሰስፔንድ» ያድርጉት፤ አለበለዚያ ሲነሣ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ ይጠይቅዎታል፣ እሱ ከሌለ ሰነድዎ ተቆልፎ ይቀራል።

አንድ ነገር ብቻ በእጅዎ አይስተካከልም። ባዮሱ ውስጥ «አብሶሉት» ወይም «ኮምፒውትሬስ» የሚል የስርቆት መከታተያ ካለና «አክቲቬትድ» ብሎ ከተቆለፈ፣ ብዙውን ጊዜ ላፕቶፑ የአንድ ድርጅት ንብረት ነበረ ማለት ነው፤ መከታተያውን ለማስነሣት የቀድሞው ባለቤት ያስፈልጋል። ይህን ካዩ ወደ ሻጩ ይመለሱ፤ ከቀድሞው ባለቤት ያስለቅቀው ወይም ገንዘብዎን ይመልስ። ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ሁሉ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ባዮሱን አስከፍታችሁ ይህን መስመር ተመልከቱ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።


ጥያቄ፦ ማክ ቡክ ነው ያለኝ። አፑን ወደ ትራሽ ጎትቼ ካጠፋሁት ቆይቷል፤ አሁን ግን «ሎግኢን አይተምስ» ውስጥ የማላውቀው የሰው ስም ከጀርባ ለመሥራት ተፈቅዶለታል ይላል። ማነው ይሄ ሰው? (አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ፕሮግራሙን የፈረመው ሰው ነው። ማክኦኤስ ቬንቹራ፣ ማለትም ስሪት 13፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣ ጀምሮ ሲስተሙ ከጀርባ የሚሠራውን ሁሉ ይዘረዝራል። የአፑን ስም ማግኘት ሲያቅተው የፈራሚውን ስም ይጽፋል፤ ትናንሽ አፖችን ብዙ ጊዜ ግለሰብ ስለሚፈርማቸው ነው የሰው ስም የሚመጣው።

አፕን ወደ ትራሽ መጎተት አፑን ብቻ ነው የሚያነሣው። አፕዴተሩ የሚነሣው «ፒሊስት» ከሚባሉ ትናንሽ ፋይሎች ነው። ፋይንደር ውስጥ ሺፍት፣ ኮማንድና ጂ አንድ ላይ ሲጫኑ ወደ ፎልደር መሄጃ ይመጣል። ሦስት ቦታ ይሂዱ፤ በዋናው ላይብረሪ ሥር ላውንች ኤጀንትስ፣ እዚያው ላውንች ዲመንስ፣ በራስዎ ሆም ፎልደር ላይብረሪ ሥር ደግሞ ሌላ ላውንች ኤጀንትስ። የፋይሎቹ ስም የድርጅቱን አድራሻ ወደ ኋላ ገልብጦ ስለሚጻፍ ባለቤቱን ለማወቅ አያስቸግርም። ወዲያው አያጥፉት፤ ወደ ዴስክቶፕ ያዛውሩት፣ ሪስታርት ያድርጉ፣ ሁሉም ደኅና ከሆነ ይጣሉት። ላይብረሪ ውስጥ «ፕሪቪሌጅድ ሄልፐር ቱልስ» የሚል ፎልደርም አለ፤ በተመሳሳይ ስም የቀረ ፋይል ካገኙ አብሮ ይሂድ። «ሲስተም» ከሚለው ፎልደር ሥር ያለው ላይብረሪ የአፕል ነው፤ እሱን ማክኦኤስም አያስነካዎትም።


ጥያቄ፦ ላፕቶፔን የማገናኘው በስልኬ ሆትስፖት ነው። ምንም ሳልከፍት ዳታው ያልቃል። ኤጅ አፕዴት የሚለውን ባጠፋው ይሻላል? (አንባቢ፣ ከጅማ)

መልስ፦ በስም ብቻ አይፍረዱበት፤ በመጀመሪያ በላተኛውን ይለዩ። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ዳታ ዩሴጅ ይግቡ፤ ዊንዶውስ 11 ላይ «አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ» ውስጥ ነው። የ30 ቀን ፍጆታ በየፕሮግራሙ ተለይቶ ይታያል። አሁን በዚህ ሰዓት ማን እየሳበ እንደሆነ ለማየት ደግሞ ሪሶርስ ሞኒተርን ከፍተው «ኔትወርክ» የሚለውን ገጽ ይመልከቱ።

ኤጅ አፕዴትን አያጥፉት። ከኤጅ ሌላ ዌብቪው2 የተባለውን፣ በሌሎች ፕሮግራሞች ውስጥ የድር ገጽ የሚያሳየውን ክፍል ያዘምናል፤ እሱ ላይ ቆመው የሚሠሩ ብዙ ፕሮግራሞች አሉ፣ አዲሱ አውትሉክና ቲምስ ጭምር።

ይልቅ የሆትስፖቱን የዋይፋይ ስም ነክተው ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ሜተርድ ኮኔክሽን» (ዳታው የሚቆጠር መስመር) የሚለውን ያብሩ። ዊንዶውስ ትልልቅ አፕዴቶችን በዚህ መስመር ማውረድ ይቀንሳል፤ የሌሎች ድርጅቶች አፕዴተሮች ግን ሁሉም አያከብሩትም። በዊንዶውስ አፕዴት «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ደግሞ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን»ን ይዝጉ፤ ክፍት ሆኖ «ኢንተርኔት ላይ ላሉ ኮምፒውተሮች» ከተባለ ላፕቶፕዎ የወረደውን አፕዴት ለማያውቁት ሰው በእርስዎ ዳታ ይልካል።

ከዝርዝሩ አናት ላይ በ«አፕዴት» የሚያልቅ የማያውቁት ስም ካገኙ ታስክ ማናጀር ውስጥ በቀኝ ክሊክ «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» ይበሉ። ከዚያ ፋይሉ ላይ በቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ «ዲጂታል ሲግኔቸርስ»። ይህ ገጽ ከሌለና ፋይሉ ያለው አፕዳታ ሮሚንግ ወይም ቴምፕ ውስጥ ከሆነ፣ በተለይ ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ጭነው ከነበረ፣ ጉዳዩ የተረሳ አፕዴተር አይመስልም። ኢንተርኔቱን ያላቁትና በዊንዶውስ ሴኪውሪቲ፣ «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ የኦፍላይን ስካኑን ያስኪዱ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ ላፕቶፑም ራሱ ጠፍቶ ይነሣል።